ከአንድ ብር የተቆረጡት ሁለት ዋሽንቶች

አባታችን ቶኩጂ ዕድሜውን ሙሉ የብር ዋሽንት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ከቶኪዮ በስተሰሜን፣ ኡራዋ ውስጥ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ትንሽ ፋብሪካ በልጅነቱ ገብቶ በሽበት ወጣ። ታናሽ እህቴ ኩኒዬ የሙዚቃ ትምህርቷን በጨረሰች ጊዜ አንድ ረጅም የብር ቱቦ ለሁለት ቆርጦ ለእኔና ለእሷ ዋሽንት ጀመረልን። ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየ ነው የጨረሳቸው። ሲያስረክበን፣ «እንግዲህ ብሩም አንድ፣ እጁም አንድ ነው፤ አበላለጥከን የምትለኝ የለችም» አለ። በልጅነታችን በተጠበሰ ዓሣ ራስ ሳይቀር ስንጣላ ያደግን ስለሆንን ነው።

ሁለቱ ዋሽንቶች ግን ዓመት ሳይሞላቸው ተለያዩ። የእኔ ከአባባ እጅ እንደወጣ ነጭ ሆኖ ቀረ። የኩኒዬ ጣቶቿ ከሚያርፉበት ቦታ ጀምሮ መጀመሪያ ሻይ መሰለ፣ ቀጥሎ ጭስ መሰለ። ኩኒዬ አኮረፈች። ለእኔ ጥሩ ጥሩውን ብር መርጦ የሰጠኝ መሰላት። አባባ መዳፏን ገልብጦ አየና ሳቀ።

«የእናትሽ እጅ ነው» አላት።

የእናታችን እጅ በቤታችን የታወቀ ታሪክ ነበር። እዚያው ፋብሪካ ዋሽንት ትወለውል ነበር፤ የነካችው ብር ሁሉ ውሎ ሳያድር ይጠቁራል። አለቃዋ መላው ቢጠፋው ጓንት አልብሶ ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወራት። አባባ «ይቺ ብር የምታጠቁር ልጅ ማን ናት?» ብሎ ሊያያት ሄደና በዚያው ቀረ። እኛ ገና ተማሪዎች ሳለን ሞተችብን። ከዚያ ወዲህ አባባ ስለ እጇ ማውራት ይወድ ነበር፤ ስለ ሌላው ነገሯ ሲነሳ ግን ወሬውን ወደ እጇ ይመልሰዋል።

ፋብሪካውም «የጓደኛዬ ዋሽንት እንደ ጨረቃ ያበራል፣ የእኔ ከሰለ፤ የውሸት ብር ሸጣችሁልኝ» እያለ የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ ወደ እሱ ይልክበት ነበር። እሱም አይቆጣም። ወንበር ስቦ ያስቀምጣቸዋል። የሰው ላብ እንደ መልኩ ነው ይላቸዋል፤ የአንዱ ይጎመዝዛል፣ የሌላው እንደ ውሃ ነው። እንቁላል የሚወድ አለ፣ ሽንኩርት የሚያበዛ አለ፣ መድኃኒት የሚውጥ አለ፤ ሁሉም በጣቱ በኩል ብሩ ላይ ይወጣል። የዋሽንቱ ሣጥን ውስጥ ያለው የሱፍ ጨርቅም፣ ጎማም ያጠቁራል። ተቆጥተው የመጡት ሰዎች የገዛ መዳፋቸውን እያዩ ይወጣሉ።

ኩኒዬ ያገባችው ናኦታኬ የሚባል የተራራ ልጅ ነው። ቶኪዮ የምግብ ሥራ ሊማር መጥቶ ነው የተገናኙት። ቤተሰቡ ከአኪታ በላይ፣ ተራራው ውስጥ፣ ፍል ውሃ ያለበት የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። አባቱ ስለሞቱ ቤቱን ከእናቱ ከእማማ ሺገ ጋር መያዝ ነበረበት። ሳቂታ ሰው ነበር። ድምፁ ለዘፈን እንዳልተፈጠረ እያወቀ ሠርጉ ላይ ተነሥቶ ዘፈነ፤ እኛ ሁለት ዋሽንት ነፊዎችና አንድ ዋሽንት ሠሪ አፋችንን በመሐረብ ይዘን ሰማነው። የመንደሩ ፍል ውሃ ከድኝ ጋር የሚወጣ ነው። ከአውቶቡስ ስትወርዱ የተቀቀለ እንቁላል ሽታ ይቀበላችኋል። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ እኔ አፍንጫዬን ስይዝ አይቶኝ ናኦታኬ፣ «እትዬ ሂሳኖ፣ የእኛ ሰው ሲሞት ሲኦል ቢገባ እንኳ አገሩ የተመለሰ ነው የሚመስለው» አለኝ።

እዚያ አገር ብር አይበረክትም። የበር እጀታው፣ የመብራቱ ሽቦ፣ የእማማ ሺገ የአንገት ሐብል፣ ሁሉም የጠቆረ ነው። አባባ ይህን ከማንም በላይ ያውቀው ነበርና ኩኒዬን ሲሸኛት ክዳኑ የሚገጥም የቆርቆሮ ሣጥንና ብሩን የምትጠቀልልበት ልዩ ወረቀት ሰጥቷት ነበር። ዋሽንቱ በዚያም ቢሆን ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ እሷም ለአዲስ ዓመት ወደ እኛ ስትመጣ ይዛው ትመጣለች፤ አባባ ፈትቶ ያጸዳውና ገጥሞ ይመልስላታል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ልጅ አልወለዱም። በዚህ ነገር ላይ የሚያወራ ሰው በቤታችን አልነበረም፤ አባባ ብቻ አልፎ አልፎ የጎረቤት ሕፃን ሲያይ ዓይኑን ቶሎ አያነሣም።

ከዚያ ያ በረዶው የበዛበት ዓመት መጣ። መንገዱ ስለተዘጋ ኩኒዬ ለአዲስ ዓመት አልመጣችም። በብርዱ ወራት እንግዳ ስለሚመናመን እሷና ናኦታኬ ከላይ ካለው ክፍላቸው ወርደው ከቤተሰቡ መታጠቢያ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል ይከርሙ ነበር። ፍል ውሃው የሚያልፍበት ቱቦ ከግድግዳው ሥር ስለሚሄድ ሞቃት ናት። በዚያ ዓመት ናኦታኬ፣ ሚስቱ ዋሽንት ስትነፋ ነፋስ እንዳይመታት ብሎ የበሩንና የግድግዳውን ክፍተት ሁሉ በጨርቅና በሳንቃ ደፈነላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ መንደሪን እየላጥኩ ነበር። አባባ አነሣው። የኩኒዬን ድምፅ ከስልኩ ውጭ በደንብ ይሰማኝ ነበር፤ እሷ ሁልጊዜ ተራራውን እንደምታሻግር አድርጋ ነው የምትጮኸው።

«አባባ፣ ዋሽንቴ ጠቆረብኝ» አለች።

«ድኝ ላይ ተቀምጠሽ ምን እንዲሆን ፈልገሽ?»

«እንደ ወትሮው አይደለም እኮ። ባለፈው ሳምንት ራሴ አጽድቼው ነበር። አሁን እንደ ቁራ ላባ ሆኗል፣ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል። እጄ ያልነካው ቦታ ሳይቀር።»

«ወረቀቱን ቀይረሻል?»

«ቀይሬያለሁ።»

አባባ እንደ ልማዱ አንድ በአንድ ይጠይቃት ጀመር፤ በምን እንደወለወለችው፣ ሣጥኑ ውስጥ ጎማ ነገር እንዳለ፣ ምን እንደምትበላ። በመጨረሻም የምትውጠው መድኃኒት እንዳለ ጠየቃት።

«መድኃኒት እንኳ የለም። ትንሽ ራሴን ያመኛል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያቅለሸልሸኛል፤ ከዚያ ከቤት ስወጣ ይሻለኛል።»

አባባ መጠየቁን አቆመ። መንደሪኑን ትቼ ቀና አልኩ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር እናቴ ከሞተች ወዲህ አይቼው አላውቅም።

«ኩኒ» አለ ዝግ ብሎ። «እናትሽ አንቺን ያረገዘች ጊዜ የነካችው ብር ሁሉ ጥላሸት ይሆን ነበር። ከወትሮው እጥፍ። የጣቷ ቀለበት ሳይቀር። ያን ጊዜም ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻት ነበር።»

ኩኒዬ ሳቀች፤ ለቅሶ የተቀላቀለበት ሳቅ።

«እንዲያ ብለህ ባላስጎመጀኸኝ» አለችው።

«ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በረዶው ላይ እንዳትወድቂ፣ ናኦታኬ ይደግፍሽ። ዋሽንቱን ተይው፣ እኔ አጸዳዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወደ እናታችን ፎቶ ሄዶ፣ ለሙታን እንደሚደረገው፣ መንደሪን አስቀመጠላት። በማግስቱ ለልጅ የምትሆን አጭር ዋሽንት የሚወጣው ቁርጥራጭ ብር ከፋብሪካ መርጦ አምጥቶ የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ አስቀምጦ አየሁ፤ ምንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ኩኒዬ ሐኪም ዘንድ የሄደችው ከዚያ አንድ ሳምንት ቆይታ፣ አውቶቡስ መሄድ በጀመረ ቀን ነው። ናኦታኬ አብሬሽ ልሂድ ብሎ ነበር፤ እማማ ሺገ ግን ጣሪያው ላይ የተከመረው በረዶ ቤቱን እንዳያፈርሰው ብለው ስለሰጉ ቀርቶ ሲጠርግ ዋለ። ከጣሪያው የወረደው በረዶ ከቤቱ ጀርባ ወደቀ። እዚያ ከመታጠቢያው ወለል ጋር እኩል የሆነች ትንሽ መስኮት አለች። ከፍል ውሃው ጋር የሚወጣው መርዘኛ የድኝ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተኝቶ በዚያች ይወጣል። ነፋስ የሚያከማቸው በረዶ ለሳምንታት ግማሽዋን ሸፍኗት ነበር፤ የዚያን ቀን ሙሉ በሙሉ ተቀበረች። የግድግዳውም ክፍተት ቀድሞ ተደፍኖ ስለነበር ጋዙ መውጫ አጣ።

እማማ ሺገ ወጥ ቤት ነበሩ። ለደስታ የሚበላውን ሩዝ ከቀይ ባቄላ ጋር እየቀቀሉ ነበር። የሐኪሙን መልስ ሳይሰሙ መጀመራቸው ነው፤ አላስቻላቸውም። ናኦታኬም ሥራውን ሲጨርስ ሚስቱ ከመምጣቷ በፊት ልታጠብ ብሎ ገባ።

ሐኪሙ ለኩኒዬ እርግዝና የለም ብሏት ነበር። በአውቶቡሱ ላይ ለባልዋና ለአማቷ እንዴት አድርጋ እንደምትነግራቸው ስታስብ መጣች። ከሁሉ በላይ ግን ለአባባ እንዴት እንደምትነግረው ጨንቋት እንደነበረ ኋላ አጫውታኛለች። ቤት ስትገባ የሩዙ ሽታ መታት። እማማ ሺገ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው ዓይኗን አዩ። እሷም በደንብ እንዲነግራቸው መጀመሪያ ለናኦታኬ ልንገረው ብላ ወደ መታጠቢያው ሄደች።

በሩን ስትከፍት ወለሉ ላይ ተዘርሮ አገኘችው። ክንዱን ይዛ ጎተተችው፤ ደፉ ላይ እሷም ራሷን ስታ ወደቀች። የኋላ ኋላ ሁለቱንም ያወጣቸው እማማ ሺገ የጠሩት ጎረቤት ነው፤ አፉን በእርጥብ ፎጣ አስሮ ገባ። ኩኒዬ በዚያው ቀን ነቃች። ናኦታኬ ግን ትንፋሹ ተመለሰ እንጂ እሱ አልተመለሰም። ዓይኑን ይከፍታል፣ ማንኪያ ሲቀርብለት አፉን ይከፍታል። ከዚህ ሌላ የለም።

እኔና አባባ ስንደርስ ናኦታኬ ሆስፒታል ነበር፤ ቤቱን ሊያይ ደግሞ ከአውራጃው አንድ የጋዝ ባለሙያ መጥቷል። ጨዋ ሰው ነው። መስኮቲቱን በአካፋ ካስከፈተ በኋላ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ጠየቀ። ቀደም ብሎ ሽታው በርትቶ ነበር ወይ አለ። እማማ ሺገ እንዲያውም ቀንሶ እንደነበር ነገሩት። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ጋዙ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል አለ። ሌላ ያያችሁት ምልክት አልነበረም ወይ፣ ከዕቃው፣ ከብረታ ብረቱ ብሎ ጠየቀ።

ኩኒዬ ተነሥታ ከዚያች ክፍል የቆርቆሮውን ሣጥን አመጣች። ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዋሽንቱ ከአፉ እስከ ጭራው እንደ ከሰል ሆኗል።

ሰውዬው በሁለት እጁ አነሣው። መቼ እንዲህ እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። ስልክ የደወለችበት ሳምንት ነው። አባባን ላለማየት ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ነው የነገረችው።

«ለእኔ ነግራኛለች» አለ አባባ።

ባለሙያው ያልገባው መስሎ አየው።

«ዋሽንት ሠሪ ነኝ። ብር ለምን እንደሚጠቁር ሰው እኔን ነው የሚጠይቀው። ጠየቀችኝ። ራሴን ያመኛልም አለችኝ። እኔ...» ብሎ አቆመ።

ሰውዬው ብዙ ደግ ነገር ተናገረ። ይህ በማንም ላይ ሊደርስ የሚችል ነው፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉትም አላወቁም አለ። ልክ ነበር። ነገር ግን ከተናገረው ውስጥ አንዱም ቃል አባባ ዘንድ ሲደርስ አላየሁም። እማማ ሺገ ተነሥተው ሻይ ቀዱለትና አጠገቡ አስቀምጠውለት ወጡ። ልጃቸው ነው የተኛው፤ እሳቸው ሻይ ቀዱለት።

በዚያ ቀን ከቤቱ ጀርባ ኩኒዬን ብቻዋን አገኘኋት። ምን ልላት እንደሄድኩ አላውቅም። እጇን ያዝኩት።

«እትዬ፣ እኔም እኮ አምኜው ነበር» አለችኝ። «አባባ ባይለኝም ኖሮ ያን ሐሳብ ራሴ አስበው ነበር። በየቀኑ ዋሽንቱን እያወጣሁ አየው ነበር። በጠቆረ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።»

ናኦታኬ ከሆስፒታል ሲወጣ አባባ ሥራውን ለቅቆ ወደ ተራራው ገባ። ጡረታው ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ጓደኞቹ «ጋሽ ቶኩጂ፣ ትንሽ ታገስ» ቢሉትም አልሰማም። እኔ ኡራዋ ቀርቼ የሴቶች ትምህርት ቤት ሙዚቃ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ዋሽንቴ አሁንም ነጭ ነው። ልጆቹ «መምህርት፣ ምን አድርገውት ነው እንዲህ የሚያበራው?» ይሉኛል። ምንም አላደረግኩም እላቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው።

በሰኔ ትምህርት ሲቀዘቅዝ ሄጄ አየኋቸው። ማረፊያ ቤቱ ተዘግቷል። የፍል ውሃው ቱቦ ከቤቱ ተቆርጦ ወደ ወንዙ ዞሯል። ናኦታኬ ወንዙ በሚታይበት ክፍል ተኝቷል። አባባ ያገላብጠዋል፣ ያጥበዋል፣ ጢሙን ይላጨዋል፣ ጥፍሩን ይቆርጥለታል። የፀጉርን ያህል ክፍተት በዓይኑ ይለይ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ያ ሁሉ ዓይን የአማቹ ጀርባ ላይ ከመተኛት ብዛት ቁስል እንዳይወጣ በመፈለግ ያልቃል። ሲጨርስ መጥረግ ይጀምራል። ወለሉን፣ መስኮቱን፣ የበሩን እጀታ። ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አያስቆመውም። ሲያወራ ያየሁት ከናኦታኬ ጋር ብቻ ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንዙ መሙላት ይነግረዋል። ናኦታኬ ኮርኒሱን ያያል።

በሁለተኛው ቀን ኩኒዬ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ከስታለች። ድምፅዋ እንደ ድሮው አይጮኽም።

«አባባን ይዘሽልኝ ሂጂ» አለችኝ።

ምነው አስቸገረሽ ወይ አልኳት።

«አላስቸገረኝም። እሱ ባይኖር እኔም ወድቄ ነበር። ግን ሁልጊዜ ዓይኔን ጠብቆ ነው የሚያየኝ። አንድ ቀን እንድቆጣው እየጠበቀ ነው። ልቆጣው ሞከርኩ፣ እውነቴን ነው፤ ይቅለለው ብዬ። አልመጣልኝም። ይቅር ብዬሃለሁ ስለው ደግሞ የባሰ ያጎነብሳል። እኔ አንድ በሽተኛ ነው የምችለው እትዬ። ሁለት አልችልም።»

ሄጄ ነገርኩት ማለት አልችልም፤ እንዳለችው አድርጌ እንዴት እነግረዋለሁ? ቤታችን ባዶውን ነው፣ የእናታችን ፎቶ አቧራ ለብሷል፣ እኔም ብቻዬን ከብዶኛል አልኩት። አባባ የናኦታኬን እግር በዘይት እያሸ ነበር። አላቋረጠም።

«እህትሽ ናት የላከችሽ?» አለኝ።

የዘይቱን ጠርሙስ አቀረብኩለት።

«አውቃለሁ። ስገባ ትከሻዋ ሲጠብቅ አየዋለሁ።» የናኦታኬን ተረከዝ በመዳፉ ይዞ ቆየ። «ግን ወዴት ነው የምሄደው? ኡራዋ ገብቼ ምን ላይ ልቀመጥ? እዚህ ቢያንስ እግሩ አይደርቅም።»

«አባባ፣ እሷ እኮ አልተቀየመችህም።»

«እሱ ነው የከበደኝ» አለ።

አብሬው ተቀምጬ ሌላኛውን እግር ያዝኩ፤ እንዴት እንደሚታሽ አሳየኝ፣ ከታች ወደ ላይ። ናኦታኬ አንድ ጊዜ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ሁለታችንም ቀና ብለን ጠበቅን። ሌላ ነገር አልመጣም።

ወጥ ቤት ስመለስ ኩኒዬ ከፊቴ ላይ መልሱን አነበበችው። ገንፎውን ከድስቱ ትቀዳ ጀመር። የባልዋን በወንፊት አሳልፋ፣ የእማማ ሺገን ጨው ቀንሳ፣ ለየብቻ አደረገችው። በሦስተኛው ጎድጓዳ ሳህን ላይ አባባ የሚወደውን ጎምዛዛ የፕሪም ፍሬ አስቀመጠችበት፤ አንድ ካደረገች በኋላ አየት አድርጋ ሁለተኛ ጨመረች።

«እስቲ ጥሪው» አለችኝ። «ሲቀዘቅዝ አይበላውም።»